ሙዝ የሚተነፍስበት ቤት

ዘሪቱ ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ገበያ ስትመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛት። መቼም እሷ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ፣ ስልክ ሲጠራ መርዶ፣ ባሏ ሲያመሽ የመኪና አደጋ የሚታያት ሴት ናትና ሰማዩ ገና መጥቆር ሲጀምር ልቧ ቤቷ ገብቶ ነበር። እግሯ ግን አልደረሰም። ዝናቡ ሲብስባት ወዳገኘችው የቆርቆሮ ጥላ ተጠጋች። ፊቷን ጠርጋ ቀና ስትል የቆመችው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሩቅ ስትሸሸው በኖረችው ቤት ደጃፍ ላይ ነው።

ቤቱ የአማቷ የአቶ ዳልጮ የሙዝ ማብሰያ ነበር። መስኮት የለውም። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ የበሩ ዙሪያ በጨርቅና በላስቲክ ተወትፏል። ከላንቴ እርሻዎች የሚመጣው ጥሬ ሙዝ አብዛኛው በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለአርባ ምንጭ ገበያ የሚቀረውን ግን አቶ ዳልጮ እዚህ ቤት አስገብተው፣ የላምባ ምድጃ አጭሰውበትና በሩን ዘግተው በሦስት በአራት ቀን ቢጫ አድርገው ያወጡት ነበር። የዘሪቱ ባል የጢሞቴዎስ ታናሽ ወንድም ኦይታ፣ እዚያ ውስጥ በጠራራ ቀትር ሞቶ ከተገኘ ወዲህ ግን ቤቱ ተዘግቶ ኖሯል።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ይጠጉልኝ» አለች አንዲት ወጣት፣ ክላሰሯን ጃኬቷ ውስጥ ደብቃ ከመንገዱ ማዶ እየሮጠች መጥታ።

ዘሪቱ ተጠጋችላት። ፊቷን ስታየው የምታውቀው ሰው መሰላት። «የአገኘሽ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ። ባርኮት እባላለሁ።»

«እናትሽና እኔ እስከ አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እሷ ደፋር፣ እኔ ፈሪ። በዚህ ዝናብ ከየት ነው የምትመጪው? መብረቁን አትፈሪም?»

«ከላንቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ የፍራፍሬ ትምህርት ጨርሼ አሁን ገበሬዎችንና ነጋዴዎችን አማክራለሁ።» ባርኮት ግድግዳውን በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ይሄ ማብሰያ ቤት ነው አይደል? አየር የሚገባው በየት ነው?»

ዘሪቱ መልስ ሳትሰጣት አቶ ዳልጮ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ከቤቱ ጥግ ብቅ አሉ።

«ጌታ ይባርካችሁ። ሳላውቅ ሁለት ዘበኛ ቀጥሬያለሁ እንዴ?»

«አባባ፣ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አለች ዘሪቱ።

«ልጠርገው ነዋ። ቅዳሜ ሙዝ እናስገባለን። ጢሞቴዎስ አልነገረሽም? ጋራዡ ሥራ ቀዝቅዞበታል፤ እዚህ ይይዝልኛል። ልጅ እያለኝ ባዳ አልቀጥርም።»

ጢሞቴዎስ አልነገራትም። ብነግራት ታብዳለች ብሎ ይሆናል። አላበደችም፤ ግን ዘንቢሉ እጇ ላይ ከበዳትና መሬት አስቀመጠችው። ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እሷ ግን ድንኳኑ ሲተከል፣ ወንበሩ ሲደረደር፣ ሰዎች ወደ ግቢዋ ሲገቡ ከወዲሁ ታያት።

«እንዲህ ያለ ቤት ለምን ዘግተውት ቆዩ?» አለች ባርኮት፣ ምንም ሳታውቅ።

«ልጄ ሞተበት» አሉ አቶ ዳልጮ። ጃንጥላቸውን አጠፉና ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «ጎሜ ነበር። አጣርተን አገኘነው፤ ሽማግሌ ገባበት፤ ታጠበ። አሁን ንጹሕ ነው።»

ጎሜ በጋሞ አገር ከባድ ቃል ነው። አባቶች የከለከሉትን የጣሰ ሰው፣ ቅጣቱ በራሱ ባይሆን በቤተሰቡ፣ በከብቱ ወይም በእርሻው ላይ ይደርሳል ተብሎ ይታመናል። ከዚህ እምነት መልካም ነገር አልወጣም አይባልም፤ ድንበር የሚገፋን እጅና ደም የሚያፈስን ቁጣ ስንት ጊዜ አስቁሟል። ነገር ግን ሞት በመጣ ቁጥር «ያጠፋው ማነው?» እየተባለ ሲፈለግ፣ ሰው አይታጣም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ያኔ የተገኘችው የኦይታ ሚስት በለጥሽ ነበረች። በዚህ ቤተሰብ በኩሩ ሳይዘራ ታናሹ አይዘራም። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባና በለጥሽ፣ በኩሩ ጢሞቴዎስ እርሻውን ሳይጀምር በሁለት ቀን ቀድማ ከጓሮዋ በቆሎ ዘራች። ሁለት ወር ሳይሞላ ባሏ ሞተ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው «የታወቀ ነገር ካለ ይነገር» ባሉ ጊዜ የተናገረችው ዘሪቱ ናት።

ክፉ ለማድረግ አልነበረም። ጎሜው የማን እንደሆነ ካልታወቀ ነገ ወደ እኔ ቤት ይመጣል ብላ ፈርታ ነበር። የተናገረችውም ውሸት አልነበረም። በለጥሽ ግን ሐዘኗን ሳትጨርስ የአምስት ዓመት ልጇን ሰብለን ይዛ ወደ ወላጆቿ፣ ወደ ገረሴ ደጋ ወጣች። ሂጂ ብሎ ያባረራት ሰው የለም፤ ቡና የሚጠራት፣ ውሃ ስትቀዳ ሰላም የሚላት ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

«ጋሽ ዳልጮ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎት አይቆጡም?» አለች ባርኮት።

«ሳትጠይቂኝ እንዴት አውቃለሁ?»

«ቸርች የሚሄዱ ይመስሉኛል። ጌታ ይባርካችሁ ብለውናል። ጎሜን ታዲያ…»

«ጌታን እናመልካለን። ጎሜን ደግሞ አንንቅም» አሉ ሽማግሌው ፈገግ ብለው። «ፓስተሩም እንደዚህ ብሎ ሲገሥጸኝ፣ አንተ መጀመሪያ የአባትህን አጥር አፍርሰህ አሳየኝ አልኩት። እሺ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ መልሺልኝ። ልጄ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎልማሳ ነበር። ቁርሱን በልቷል። ቀትር ላይ ሙዙን ሊያይ ገባ። ሲቆይብኝ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከፈትኩት፤ ወድቋል። ቁስል የለው፤ ደም የለው። በሩ አልተቆለፈ። ከንፈሩ እንደ ደህና ሰው ቀይ ነው። ምድጃው ጠፍቷል፤ ላምባው ግን ግማሽ አለው። ማን አጠፋው? ነፋስ እንዳትይኝ፤ ነፋስ የሚገባበት ቤት አይደለም።»

ባርኮት የሰውዬውን ፊት አየች፤ ከዚያ የዘሪቱን አየች። ነገሩ የሌላ ሰው ቁስል እንደሆነ የገባት ይመስላል፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ምድጃው የጠፋው ላምባ አጥቶ ሳይሆን አየር አጥቶ ነው። እሳት እንደ እኛ አየር ይበላል። ቤቱ ሲዘጋ ያለውን ይበላና ሲያልቅበት ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ግን፣ አየር ሲያንሰው በደንብ አይነድም፤ ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፤ አይታይም፤ ዓይን አያቃጥልም። ሰው ሲተነፍሰው ከደሙ ጋር ይጣበቃል፤ የአየሩን ቦታ ይዞ አልለቅም ይላል። ደሙን ደግሞ ያቀላዋል። ከንፈሩ የቀላው ለዚህ ነው።»

«ጭሱን እናውቀዋለን እኮ። ጭስ ያስላል።»

«ጭሱ ያስላል። ይሄኛው አያስልም። ራስ ያማል፤ ጉልበት ይከዳል፤ ከዚያ ሰው ይወድቃል።»

ራስ ያማል። ዘሪቱ ዓይኗን ወደ ዝናቡ መለሰች። ኦይታ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በለጥሽ እዚሁ ግቢ መጥታ፣ «አባባ፣ ያ ቤት ኦይታን ያሳምመዋል፤ በገባ ቁጥር ራሱን ይዞ ይመጣል» ብላ ነበር። አቶ ዳልጮ «ባልሽን ሰነፍ አታድርጊው» አሏት። ዘሪቱ አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁ በቆሎውን ተናገረች፤ ይህንን አልተናገረችም።

«በዚያ ላይ ሙዙ ራሱ ይተነፍሳል» አለች ባርኮት።

አቶ ዳልጮ ሳቁ። «ሙዝ? አፍንጫው በየትኛው ጫፍ ነው?»

«በልጣጩ ነው የሚተነፍሰው። ከግንዱ ከተቆረጠም በኋላ በሕይወት አለ። አየር ያስገባል፤ እኛ የምናስወጣውን ዓይነት ትንፋሽ ያስወጣል። ሊበስል ሲል ደግሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ትንፋሹ ይበዛል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ሙዝ ከእሳቱ ጋር እየተሻማ አየሩን ይጨርሰዋል።»

«ያለ ላምባ ታዲያ በምን ይበስላል?»

«የሚያበስለው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ላምባው ሲነድ ኤትሊን የሚባል ጋዝ በትንሹ ይወጣል፤ ሙዙን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ያንን ጋዝ ግን የበሰለ ሙዝ ራሱ ያወጣዋል። አንድ የበሰለ ዘለላ ከጥሬዎቹ መሃል ቢያስቀምጡ ሌሎቹን ይቀሰቅሳቸዋል።»

«ይሄንንስ ሚስቴም ታውቅ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «አቮካዶ አልበስል ሲላት ከሙዝ ጋር ጆንያ ውስጥ ትከተው ነበር። ጋዝ ነው አላለችም እንጂ።» ከዚያ ድንገት ፊታቸው ጠነከረ። «ነገር ግን ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ገብቼ ወጥቻለሁ። ያው ምድጃ፣ ያው ሙዝ። ለምን አልገደለኝም? መርዙ ሽማግሌ ይፈራል?»

ዘሪቱ ወደ ባርኮት ዞረች። ባርኮት መልስ ከሌላት ቅዳሜ መጣ ማለት ነው።

ባርኮት ግድግዳውን እንደገና በእጇ ነካችው። «ይሄ ሲሚንቶ መቼ ተለሰነ?»

አቶ ዳልጮ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«በፊት ጭቃ ነበር» አለች ዘሪቱ። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። «ተሰነጣጥቆ ጭሱ እየወጣ አስቸገረ ብለው… ኦይታ በሞተበት ዓመት ነው የተለሰነው። ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አቶ ዳልጮ ቁልፋቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። ሲኮሩበት የነበረ ግድግዳ ነው፤ እንኳን ጉንዳን ጭስም አያልፍበትም ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ በሽማግሌው ቦታ ይቁም። ጎሜ ሲባል ጥፋቱ የምራት ነበር፤ ራቅ ያለ ነገር ነበር፤ በሽማግሌም ታጥቦ አልፏል። ይህች ልጅ ያመጣችው ነገር እውነት ከሆነ ግን ጥፋቱ እቤታቸው ይመጣል፤ የሚታጠብም አይደለም። ሰው አዲስ ነገር አልቀበል ሲል ሁልጊዜ ባለማወቅ አይምሰለን። አንዳንዴ ቢቀበለው የሚያስከፍለውን ስላወቀ ነው።

«አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሁሉን ታውቂያለሽና የአባያ ሐይቅ ለምን ቀላ? ጫሞ ጎረቤቱ ነው፤ እሱ እንደ ሰማይ ነው። ለዚህም ጋዝ አለሽ?»

«ለዚህስ ጋዝ የለኝም፤ አፈር ነው ያለኝ። ወንዞቹ የሚያመጡለት አፈር በጣም ከመድቀቁ የተነሳ አይዘቅጥም። ተንሳፎ ይኖራል፤ ቀለሙን የሰጠው እሱ ነው።»

ሽማግሌው ተገርመው አዩዋት። «አይዘቅጥም? እኔ አንድ ጠርሙስ የአባያ ውሃ ሁለት ወር መስኮት ላይ አስቀምጬ አይቼዋለሁ፤ አልጠለለም። ለሰው ብነግር ሳቁብኝ።»

«ታዲያ እርስዎ ከእኔ ይበልጣሉ። እኔ ያነበብኩትን እርስዎ ፈትነውታል። ይሄንንም ይፈትኑት። ያለ ምንም እሳት፣ በራስዎ በርሜል፣ በራስዎ እጅ።»

ይህ ነገር ሽማግሌውን ያዛቸው። ተከራክሮ የሚሸነፍ ሰው አይደሉም፤ በዓይናቸው ያዩትን ግን አይክዱም። ዝናቡ ሲያባራ ከገበያ ገና ቢጫ መልበስ የጀመረ ሙዝ አስመጡ። ውሃ ይይዙበት የነበረውን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል አጥበውና አድርቀው፣ ሙዙን እስከ ግማሽ ሞሉበት። ክዳኑን ገጥመው ዙሪያውን በላስቲክ ጠመጠሙት። ከዚያ ወንበር አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ሌባ የለም እኮ አባባ» አለች ዘሪቱ።

«የተማረ ሰው አለ» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ባርኮት መጣች። ጢሞቴዎስም ከዘሪቱ ጋር መጥቶ ክንዱን አጣምሮ ቆመ። አቶ ዳልጮ ሻማውን ራሳቸው ገዝተዋል። በሽቦ አሰሩት፤ ለኮሱት፤ ክዳኑን በትንሹ ገለጥ አድርገው ቀስ ብለው አወረዱት። ነበልባሉ ከበርሜሉ አፍ ዝቅ ሲል ተንቀጠቀጠ፤ ጠፋ።

«ሻማው ርካሽ ነው» አሉ።

እንደገና ለኮሱት። ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ከላይ ረዘም አድርገው አስነደዱትና በሁለት እጃቸው ከነፋስ ጋርደው አወረዱት። አንድ ሰው በጣቱ እንደቆነጠረው ጠፋ። በርሜሉ ውስጥ ከሙዝ በቀር ምንም የለም።

«ሻማ አልጠፋም ማለት ግን ደህና ነው ማለት አይደለም» አለች ባርኮት በዝግታ። «ያ የነገርኩዎት የምድጃ መርዝ ሻማ ሳያጠፋ ሰው ይገድላል። ይሄ ያሳየው ሙዙ አየሩን እንደሚጨርስ ብቻ ነው።»

አቶ ዳልጮ የሰሟት አይመስሉም። ሽቦውን እንደያዙ ቆመዋል። ሲናገሩ ለማንም አልነበረም።

«ስትገባ በሩን ከኋላህ ዝጋ፤ ጭሱ እንዳይወጣ እለው ነበር። በየቀኑ። ያን ቀንም ብዬዋለሁ።»

ጢሞቴዎስ አባቱን ሊይዝ ተጠጋ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና አስቆሙት። ጉንጫቸው ላይ የወረደውን እንባ አልጠረጉትም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ተጠያቂ ሆኖላቸው ሳያለቅሱት የቀሩት ልጅ ያን ጠዋት ገና ሞተባቸው።

ዘሪቱ አንድ ነገር ማለት ነበረባት። ሁልጊዜ ክፉ ነገር ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ኖራለች፤ ከሁሉ የከፋው በገዛ አፏ በኩል ማለፉን ግን አልጠበቀችም።

«አባባ፣ እኔ አሥረኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን የበራ ሻማ ላይ ብርጭቆ ደፍቶ አሳይቶናል። ጠፋ። ኦይታ የተቀበረ ዕለት ያ ሻማ ትዝ ብሎኝ ነበር። ምድጃው ላምባ እያለው ጠፋ ሲባል… ትዝ አለኝ። በለጥሽም ስለ ራስ ምታቱ ስትነግርዎት ሰምቻለሁ። ስለ ሁለቱም ዝም አልኩ። ስለ በቆሎው ነው የተናገርኩት።»

«ለምን?» አለ ጢሞቴዎስ።

«ሽማግሌ መሃል ተነሥቼ ብርጭቆና ሻማ ብል የሚስቁብኝ መሰለኝ። ደግሞ ፈራሁ። ቀጥሎ አንተ የምትሞት መሰለኝ።»

ማንም አልተቆጣትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ባርኮት ክላሰሯን አነሣች። «እትዬ፣ ያኔ ቢናገሩ ኦይታ አይመለስም ነበር።»

«ኦይታስ አይመለስም» አለች ዘሪቱ። «በለጥሽ ግን አትሄድም ነበር።»

ቅዳሜ ሙዝ አልገባም። ቅዳሜ ሦስቱ፣ አቶ ዳልጮ፣ ጢሞቴዎስና ዘሪቱ፣ ወደ ገረሴ ወጡ። ደጋው ጭጋግ ለብሶ ነበር። በለጥሽን ያገኟት ከወላጆቿ ቤት ጓሮ ድንች ስትቆፍር ነው። ቀጥናለች። አማቷን ስታይ መቆፈሪያዋን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እንደ ወጉ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው፤ በርጩማ አመጣችላቸው። አክብሮቷ ሳይጓደል መቆየቱ ዘሪቱን ከስድብ የበለጠ አቃጠላት።

ሽማግሌው እርጥብ ሣር ነጭተው በእጃቸው ይዘው ነበር፤ በጋሞ ሣር ይዞ የመጣ ሰው ዕርቅ ለመለመን የመጣ ነው። ሁሉንም ነገሯት። ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ በርሜሉ፣ በሩን ዝጋ ስላሉት። ዘሪቱም የራሷን ተናገረች። በለጥሽ አላቋረጠቻቸውም።

ሲጨርሱ፣ «እኔ ኦይታን እንዳልገደልኩት አውቅ ነበር» አለች። «የማላውቀው እናንተ መቼ እንደምታውቁ ነበር።»

«ተመለሺ ልጄ» አሉ አቶ ዳልጮ። «ቤትሽ እንዳለ ነው።»

«አልመለስም አባባ። ልጄ እዚህ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ እዚህ ማንም ‹እናትሽ› ብሎ አያሳቅቃትም። ሣሩን እቀበላለሁ። ግን ስሜ የጠፋው እዚህ ጓሮ አይደለም፤ ዱቡሻ ላይ ነው። የተናገራችሁትን እዚያው ተናገሩት።»

«ትመጫለሽ?»

«ስልክ አለ» አለች።

ዱቡሻ የሠፈር ነገር የሚታይበት፣ ዕርቅ የሚወርድበት ሜዳ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሽማግሌዎቹ እዚያ ተሰበሰቡ። ዘሪቱ ለበለጥሽ ደወለችላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን በመዳፏ ላይ ያዘችው። አቶ ዳልጮ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሦስት ዓመት ያልፈዋል፤ እዚህ ቆሜ ልጄን የገደለው የምራቴ ጎሜ ነው ብያለሁ» አሉ። «ያ ሐሰት ነበር። በኩር ሳይዘራ አይዘራም የሚለውን የአባቶቻችንን ሥርዐት አልነቅፍም፤ መከባበር ነው። ነገር ግን በቆሎ ሰው አልገደለም። ልጄን የገደለው የእኔ ግድግዳ፣ የእኔ ምድጃና የእኔ ትእዛዝ ነው። በለጥሽ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ እኔ ሰነፍ አልኳት።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ዳልጮ፣ ይሄን ነገር ማን ነገረህ?»

«አንዲት ልጅ ነገረችኝ፤ በርሜሌ አረጋገጠልኝ። የማታምኑ ኑና ሻማ ይዛችሁ እዩት። አሁን ግድግዳውን አስበስቼዋለሁ፤ ከላይም ከታችም አየር ይገባዋል። ላምባ አቁሜያለሁ። የበሰለ ዘለላ ከጥሬው መሃል አስቀምጣለሁ፤ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል እንጂ ይበስላል። ደግሞ ላምባ ላምባ አይሸትም። ማንም ሰው በሩን ከፍቶ ውጪ ብዙ ቆይቶ አየሩ ሳይለወጥ አይገባም፤ ብቻውንም አይገባም። እናንተም ደጋ ያላችሁ ዘመዶቻችሁ ሲበርዳቸው ከሰል ቤት አስገብተው ዘግተው እንዳይተኙ ንገሯቸው። የውሃ ጉድጓድ የምትቆፍሩ፣ ሰው ታች ከወደቀ ልከተለው ብላችሁ አትውረዱ፤ ሁለት ሬሳ ይሆናል። በገመድ ጎትቱት፤ አየር ወዳለበት አውጡት። ደግሞም ሰው ሲሞትባችሁ፣ ያጠፋው ማነው ከማለታችሁ በፊት ምን ገደለው በሉ። እኔ ይሄን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ የልጅ ልጄ በእኔ ደጅ ታድግ ነበር።»

ከዚያ ሁሉም ወደ ዘሪቱ ዞሩ። በዚያ ሜዳ ሴት ተነሥታ ስትናገር ብዙ አይታይም። መቶ ክፉ ነገር ታሰባት። ሆኖም ተናገረች። በለጥሽ የተናገረችውንና እሷ ያልተናገረችውን፣ ሻማውንም ጭምር፣ ሳትቀንስ ተናገረች። ማንም አልሳቀባትም። ያኔም ላይስቁባት ይችሉ እንደነበር የገባት ያን ጊዜ ነው።

ስትጨርስ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። መስመሩ አልተቋረጠም። ወዲያ ማዶ ዶሮ ሲጮህ ይሰማል።

«ሰማሽ?» አለቻት።

«ሰማሁ። ጨርሳችኋል?»

«ጨርሰናል።»

«በሉ። ሰብለ ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ልቀበላት ልሂድ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዘሪቱ ግን፣ የምትጨምርላት ቃል ይኖር ይሆናል ብላ፣ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ብዙ ቆየች።